ከሳን ኦቪድ ገበያ እስከ ስድስቱ ነጥቦች

በ1771 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ የሳን ኦቪድ የበዓል ገበያ በቆመበት አደባባይ፣ አንድ ቡና ቤት ገበያተኛውን የሚስብ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተዋንያኑ በከተማይቱ ከሚገኘው የዓይነ ስውራን መጠለያ የመጡ ሰዎች ናቸው። ረጃጅም ቀሚስ አልብሰዋቸዋል፤ የአህያ ጆሮ ያለው ቆብ ደፍተውላቸዋል፤ በዓይናቸው ላይ ከካርቶን የተሠራ፣ መስተዋት የሌለው ትልቅ መነጽር ሰክተውላቸዋል። ከፊት ለፊታቸው የሙዚቃ ምልክት የተጻፈበት ወረቀት ተዘርግቷል፤ ወረቀቱን እንዲያነቡበት ደግሞ ሻማ በርቶላቸዋል። በእጃቸው የያዙትን መሣሪያ እንደ መጣላቸው ሲፈትጉት ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ቡና ቤቱ በዚያ ሰሞን ደህና ገበያ አገኘ።

ትያትር ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ትርኢት በመጸየፍ ብቻ አልፎት ሊሄድ አይችልም፤ በሙያ ረገድ ጉድለት የለበትምና። አልባሳቱ፣ የመድረኩ ቁሳቁስ፣ መብራቱ፣ ሁሉም አንድ ሐሳብ ለማስተላለፍ ተባብረዋል። የሚያስቀው የሰዎቹ ዓይን መጥፋት ብቻ አልነበረም። የሚያስቀው ዓይን ያጡት ሰዎች የማየትን ዕቃ ሁሉ፣ መነጽሩን፣ ሻማውንና ወረቀቱን፣ መሸከማቸው ነው። ትርኢቱ ለተመልካቹ በስውር የሚነግረው፣ እነዚህ ሰዎች ወደ እኛ ዓለም እንግባ ቢሉ የሚገጥማቸው ይኸው ነው እያለ ነው። ሙዚቃን ለማወቅ ሻማ እንደማያስፈልግ፣ በጆሮ ብቻ ተምረው መልካም አድርገው ሊጫወቱ ይችሉ እንደ ነበር ያሰበ ብዙ ሰው በዚያ አደባባይ የነበረ አይመስልም።

ከተመልካቾቹ አንዱ፣ ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለደና በቋንቋ ትርጉም የሚተዳደር ቫለንታን አዊ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደ ጻፈው፣ ያን ቀን በዚህ ፌዝ ፋንታ እውነቱን ለመተካት፣ ዓይነ ስውራንን በእርግጥ ለማስነበብ ለራሱ ቃል ገባ። ቃሉን መፈጸም እስኪጀምር ግን 13 ዓመታት አለፉ። አሳቡ ከየት መንገድ እንዳገኘ ለመረዳት፣ በዚያው ከተማ ከእርሱ ቀደም ብሎ በአንድ ካህን ቤት የተጀመረውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል።

ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ በ1712 በቬርሳይ የተወለዱ ናቸው። በሃይማኖት አቋማቸው ከበላዮቻቸው ጋር ባለመስማማታቸው የደብር አገልግሎት ተነፍጓቸው፣ በግል ገቢያቸው ይኖሩ ነበር። በ1760 ገደማ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ ቤት ጎራ ሲሉ ሁለት እኅትማማቾች የመርፌ ሥራ ይዘው ተቀምጠው ያገኛሉ። ሰላምታ ቢሰጡ መልስ የለም፤ ደግመው ቢናገሩ ቀና የሚል የለም። እናታቸው ስትመጣ፣ ልጆቹ እንደማይሰሙ፣ ያስተምራቸው የነበረው ካህንም እንደ ሞተባቸው ነገረቻቸው። ሌፔ ማስተማሩን ተረከቡት። ወሬው ሲዳረስ ሌሎች ልጆች መጡ፤ መኖሪያ ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከድኻም ከባለጸጋም የመጣውን ያለ ክፍያ ተቀበሉ።

ዛሬ ቢሆን እኒህን ሰው በጎ ፈቃደኛ እንላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ጊዜንና ገንዘብን ለተቸገረ መስጠት በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም፤ ምጽዋት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነበረ። የሌፔ አዲስነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከእርሳቸው በፊትም መስማት የተሳናቸውን ልጆች ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የብዙዎቹ ድካም ግን ከልጁ ጉሮሮ ድምፅ ለማስወጣት ነበር፤ ዘዴያቸውንም እንደ ንግድ ምሥጢር ይደብቁት የነበሩ አሉ። ሌፔ በአንጻሩ ልጆቹ እርስ በርሳቸው በእጅ እንደሚነጋገሩ አስተዋሉ። ያን ንግግር ለማወቅም መምህሩ በተማሪዎቻቸው ፊት ተማሪ ሆነው ተቀመጡ። የደረሱበትንም በ1776 አሳትመው ይፋ አደረጉ።

ይህ ማለት የልጆቹን ቋንቋ እንዳለ ተቀበሉት ማለት አይደለም። ሰዋስው የሌለው መስሎ ስለ ታያቸው፣ ለፈረንሳይኛው መስተዋድድ፣ ለጾታው፣ ለጊዜው ሁሉ የእጅ ምልክት እየፈጠሩ ጨመሩበት። ተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ የመምህራቸውን ምልክት ይከተላሉ፤ ከክፍል ሲወጡ በራሳቸው ቋንቋ ይጫወታሉ። ይህን ልዩነት አጥርቶ የሚያስረዳ ድምፅ የመጣው ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከሠራተኛው መንደር ነው። ፒየር ዴሎዥ የሚባል መጽሐፍ ጠራዥ፣ በልጅነቱ በፈንጣጣ መስማት የተሳነው፣ በ1779 ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የሌፔን ትምህርት ከነቃፊዎቹ ይከላከልለታል፤ ጨምሮ ግን የፓሪስ መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ስለ ማናቸውም ጉዳይ በእጃቸው እንደሚወያዩ ይመሰክራል። ስለዚህ ቋንቋውን ሌፔ አልፈጠሩትም፤ አገኙት። የብዙ በጎ አድራጊዎችን ታሪክ ስናነብ "ቋንቋ ሰጣቸው" የሚል አነጋገር ይገጥመናል። የጠራዡ መጽሐፍ ለዚህ አነጋገር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሰጠ መልስ ነው።

ሌፔ ሕዝብን ለማሳመን የመረጡት መሣሪያ መድረክ ነበር። ከ1771 ጀምሮ፣ በዚያው በሳን ኦቪዱ ፌዝ ዓመት መሆኑ ነው፣ ተማሪዎቻቸው በእንግዶች ፊት በልዩ ልዩ ቋንቋዎች በጽሑፍ እየተጠየቁ በጽሑፍ እንዲመልሱ ያደርጉ ነበር። መኳንንትና ሊቃውንት ተጋፍተው መጡ። በ1777 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ሳይቀር ተገኝቷል፤ ጥቂት ቆይቶም በቪየና ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመድረኩን ጥቅም መካድ አይቻልም። መስማት የተሳነው ልጅ አእምሮ የለውም ይል የነበረ ባለሥልጣን በዓይኑ አይቶ አፉን ያዘ። ሆኖም ልጆቹ በላቲን የመለሱትን ላቲን ምን ያህል ያውቁት ነበር? መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጀው ማን ነበር? ይህን ጥያቄ በጊዜው ያነሡ ነበሩ፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

ሌፔ በ1789 ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ ታሪካቸው ራሱ ትያትር ሆነ። ቡዪ የተባለው ደራሲ ስለ እርሳቸውና ከውርሱ ስለ ተነቀለ አንድ መስማት የተሳነው ልጅ የጻፈው ተውኔት በ1799 በፓሪስ ታይቶ ትልቅ ዝና አተረፈ። ተመልካቹ አለቀሰ። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የልጁን ቦታ ይዛ የተጫወተችው የምትሰማ፣ ስም ያላት ተዋናይት ናት። የተውኔቱም ርእስ የካህኑ ስም ነው። ልጁ በትያትሩ ውስጥ የሚያገለግለው የካህኑ ደግነት የሚፈስበት ዕቃ ሆኖ ነው። ከሳን ኦቪድ ሳቅ ወደ ቡዪ እንባ መሸጋገር ታላቅ እርምጃ መሆኑን አልክድም፤ የሚስቅና የሚያለቅስ ሕዝብ አንድ አይደለም። ቢሆንም በሁለቱም መድረኮች የተመልካቹ ወንበር አልተንቀሳቀሰም።

በእኛም አገር ትምህርት ቤቶች የመዝጊያ በዓል ላይ ይህን አይቻለሁ። ዓይነ ስውር የሆነች የአሥር ዓመት ልጅ ግጥም ትወጣለች። ሁለት ስንኝ ሳታደርስ ሰው ከየወንበሩ እየተነሣ በግንባሯ ላይ ብር ይለጥፋል፤ ጭብጨባው ድምፅዋን ይውጠዋል። ግጥሙ ስለ ምን እንደ ነበረ ከአዳራሹ ሲወጡ የጠየቅኋቸው ሁለት መምህራን ሊነግሩኝ አልቻሉም። የተሸለመችው ለመውጣቷ እንጂ ለንባቧ አይደለም ማለት ነው። ልጅቱ ቃላቱን ለማጥራት የደከመችበት ሰዓት ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ወደ አዊ እንመለስ። በ1784 ማሪያ ቴሬዚያ ፎን ፓራዲስ የምትባል ዓይነ ስውር የፒያኖ ተጫዋች ከቪየና ወደ ፓሪስ መጥታ የሙዚቃ ዝግጅት አቀረበች። አዊ አነጋገራትና በወረቀት ላይ በመርፌ የተወጉ ፊደላትን በጣቷ እንደምታነብ አየ። እንግዲህ ለ13 ዓመት ይፈልገው የነበረውን መንገድ ያመላከተችው ራሷ ዓይነ ስውር የሆነች አርቲስት ናት። በዚያው ዓመት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚለምን ፍራንስዋ ለሱዌር የተባለ የ17 ዓመት ልጅ አገኘ። ልጁ ቤተሰብ የሚረዳው ከልመናው ስለ ነበረ፣ ትምህርቱን እንዲጀምር አዊ በልመና የሚያጣውን ገንዘብ ከኪሱ ይከፍለው ጀመር። ይህችን ነገር ብዙዎች በቸልታ ያልፏታል፤ እኔ ግን ከአዊ ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምወድለት ይህችኑ ነው። ትምህርት በነጻ ነው ማለት ለድኻ ልጅ በቂ እንዳልሆነ፣ ልጁ የሚውልበት ሰዓት ራሱ ዋጋ እንዳለው ተረድቷል።

ትምህርቱ የተጀመረው ከእንጨት በተቀረጹ ፊደላት ነው። አንድ ቀን ለሱዌር የመምህሩን ወረቀቶች ሲያገላብጥ፣ የኅትመቱ ጫና በጀርባው በኩል ጎልቶ የወጣበት የቀብር ጥሪ ወረቀት በእጁ ገባ፤ አንዲት ፊደል በጣቱ ለየ። ከዚያች ፊደል ተነሥቶ አዊ በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልተው የሚታተሙ ፊደላትን አዘጋጀ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ቆመ። በ1786 ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት የጻፈውን መጽሐፍ ያተሙት ተማሪዎቹ ናቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በቬርሳይ በንጉሡ ፊት ቀርበው አነበቡ። ለሳን ኦቪድ የተሰጠ መልስ ይህ ነበር።

ሆኖም አዊ የመረጠው ፊደል የሚያዩ ሰዎች የሚጽፉት የላቲን ፊደል ነበረ። ምክንያቱም ቅን ነው፤ ዓይነ ስውሩና የሚያየው በአንድ መጽሐፍ እንዲገናኙ፣ መካከላቸው አዲስ ግድግዳ እንዳይቆም ነው። ነገር ግን ጣት እንደ ዓይን አያነብም። የፊደሉን ጠመዝማዛ መስመር ለመለየት ተማሪው በእያንዳንዷ ፊደል ላይ ሊዘገይ ግድ ነው። መጻሕፍቱ ግዙፍና ከባድ፣ ቁጥራቸውም እጅግ ጥቂት ሆነ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተማሪው ያነባል እንጂ በዚህ ዘዴ እንደ ልቡ ሊጽፍ አይችልም። የሚያነብና የማይጽፍ ሰው የሌላውን አሳብ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሉዊስ ብሬል በ1809 ኩቭሬ በምትባል የገጠር ከተማ ከኮርቻና ልጓም ሠሪ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የሥራ ቦታ በወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋ፤ ቁስሉ ወደ ሌላው ዓይን ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። (ያንኑ ወስፌ በኋላ ከፈጠረው ጽሕፈት ጋር ማዛመድ የሚወዱ ጸሐፊዎች አሉ፤ የነጥቡ ምንጭ ግን ሌላ መሆኑን አሁን እናያለን።) በ1819፣ በአሥር ዓመቱ፣ አዊ ወደ መሠረተው ትምህርት ቤት ገባ። አዊ ራሱ በናፖሌዎን ጊዜ ከዚያ ተባርሮ ነበር፤ በ1821 ሽማግሌ ሆኖ ለጉብኝት ሲመለስ ተማሪዎቹ በክብር ተቀብለውታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

በዚያው በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የቀድሞ የጦር መኮንን በጎላ ነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ የሚይዝ ስለ ሆነ ከጣት ጫፍ ይሰፋል፤ ድምፅን እንጂ ሆሄን አይከተልም፤ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር የለውም። ተማሪዎቹ ግን በነጥብ መጻፍ እንደሚቻል ቀመሱ። ብሬል ከትምህርት በተረፈው ሰዓት፣ ሌሊትና በዕረፍት ጊዜ፣ ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። ስድስቱ ነጥቦች 63 ምልክት ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱም ምልክት ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ዳሰሳ ይነበባል። በ1824 ዘዴው በመሠረቱ ሲጠናቀቅ ፈጣሪው ገና 15 ዓመቱ ነበር። በ1829 የታተመው መጽሐፉ ቃላትን ብቻ ሳይሆን ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን ጭምር በነጥብ የሚጻፉበትን መንገድ ያስተምራል። ብሬል ራሱ ኦርጋን የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር። በሳን ኦቪድ የሐሰት የሙዚቃ ወረቀት ከተዘረጋ 58 ዓመት ቆይቶ፣ ዓይነ ስውራን የራሳቸውን እውነተኛ ወረቀት ራሳቸው ጻፉ።

አስተማሪዎቹ ምን አሉ? የጊዜው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፒኚዬ ተማሪዎቹ በነጥቡ እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው። በ1840 የተተካው ዱፎ ግን ከለከለ። የክልከላው ምክንያት የአዊ አሳብ በሌላ ልብስ መመለሱ ነው፤ የሚያዩት መምህራን የማያነቡት ጽሕፈት ዓይነ ስውራንን ከኅብረተሰቡ ይለያቸዋል ተባለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። በነጥብ የተጻፈውን መማር ለሚያይ ሰው የጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው። መምህራኑ ያን ሥራ ላለመሥራት፣ ልጆቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዝግታ እንዲያነቡ ፈረዱ፤ ፍርዱንም አንድነት አሉት። ልጆቹ ግን አልታዘዙም። በየመኝታ ክፍላቸው ባገኙት ስለታም ነገር ወረቀት እየወጉ መልእክት ይለዋወጡ፣ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ዱፎን ያሸነፈው ክርክር ሳይሆን ይህ የተማሪዎች አሻፈረኝ ባይነት ነው። ምክትሉ ጓዴ ነገሩን ተረድቶ ደገፋቸውና በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ዘዴው በሕዝብ ፊት ተገለጠ። ብሬል በ1852 ሞተ፤ ፈረንሳይ ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የሌፔ ልጆች ዕጣ በአንጻሩ ወደ ኋላ ሄደ። በ1880 በሚላኖ ከተማ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተቀመጠ። ከ164ቱ ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉባኤው በአፍ የሚደረግ ንግግር ከእጅ ምልክት የተሻለ ነው ብሎ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ፤ በብዙ አገሮች ምልክቱ ከክፍል ተባረረ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ሥራቸውን አጡ። ይህን ያደረጉት ክፉዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ሕይወታቸውን ለእነዚሁ ልጆች የሰጡ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ እንደ ሌላው ሰው ይሁኑ ብለው በቅንነት እጃቸውን አሰሩባቸው። የዚሁ ጉባኤ ወራሽ የሆነው ስብሰባ በቫንኩቨር ተሰብስቦ ለውሳኔው ጸጸቱን የገለጸው በ2010 ነው፤ በመካከሉ 130 ዓመት አለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን በቃል የሚሰጥ ስለ ሆነ ዓይነ ስውር ተማሪ በዜማውም በቅኔውም ቤት ከጓደኞቹ እኩል ሊቀመጥ ይችል ነበር። ቅኔ ቆጠራ ከጥንት ጀምሮ በልብ ነው፤ ነገራውም በቃል ነው፤ ሻማም መነጽርም አይሻም። ይህ ለአገራችን ክብር ነው ብለን ብንኮራ ደስ ይለኛል፤ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በሩን የከፈተው የትምህርቱ ጠባይ እንጂ ለዓይነ ስውሩ የተደረገ አሳብ አልነበረም። ማስረጃውም መስማት የተሳነው ልጅ በዚያው ጉባኤ ቤት ምንም ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። ሌላው ቀርቶ አማርኛችን ራሱ ፈርዶበታል፤ መስማት የማይችለውን ሰው ደንቆሮ ብሎ፣ አለማወቅን ሁሉ ድንቁርና አለው። በ1971 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ሲያስቆጥር፣ እኛ ገጣሚዎች መሃይምነትን ለማውገዝ ስንነሣ መጀመሪያ ከእጃችን የሚገባው ይኸው የዕውርነትና የድንቁርና ምሳሌ ነበር። ዛሬም አልተውነውም። ቃሉን የምናነሣው ፊደል የቆጠረ ዓይነ ስውር፣ ምልክት የሚናገር ልጅ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል ሳናስብ ነው።

ፊደላችን በነጥብና በእጅ ሲጻፍ ያየ ሰው ግን አዲስ ነገር ይማራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ 63ቱ ምልክቶች ለዚያ አይበቁም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ይጻፋል። እኛ በአንድ ቅርጽ አጣብቀን የምናየውን የዓይነ ስውሩ ጣት ለያይቶ ያውቀዋል። በእጅ ፊደላችን ደግሞ ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች የሚለዩት በእጅ እንቅስቃሴ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ፣ ከ2008 ወዲህ፣ ዓመታት ተቆጥረዋል። አገራችን በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ30ኛ አንቀጹ የምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ባህል በግልጽ ይጠቅሳል፤ ይህ አንቀጽ የሚመለከተው የጤናን ወይም የርዳታን መሥሪያ ቤት ሳይሆን እኛን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችን ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ የሙያ ጥያቄ ይህ ነው። በእጅ የሚገጠም ግጥም ቤት የሚመታው በምንድን ነው? በእጁ ቅርጽ ነው ወይስ በእንቅስቃሴው? የእጅ ምልክት ሰምና ወርቅ ሊይዝ ይችላል? አንዱ ምልክት በአንድ በኩል ሲታይ አንድ ነገር፣ በሌላው በኩል ሲታይ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ፤ ግምቴን የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ግን መስማት የተሳናቸው ወጣቶች የሚጽፉትና የሚጫወቱት ተውኔት ነው። እንዲህ ያለው ትያትር በአገር ፍቅር ወይም በብሔራዊ ትያትር መድረክ ሲወጣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለእኔና ለእኔ መሰሎች ይሆናል። አስተርጓሚውም የሚቆመው በመድረኩ ጥግ ነው፤ ብርሃኑ እርሱ ላይ እንዳይወድቅ መብራት ሠራተኛው ቀደም ብሎ ሊያስብበት ይገባል።